የግማሽ ነጥብ ጣጣ

ጋምቤላ ውስጥ ጥላ መምረጥ የፖለቲካ አቋም መሆኑን የተረዳሁት አናቴ በፀሐይ ከተላጠ በኋላ ነው።

ነገሩ የሆነው ክልላችን ገና ክልል በሆነ ሰሞን ነው፤ ቢሮው ሳይገኝ የቢሮ ኃላፊው የሚሾምበት፣ ወንበር ሳይመጣ ማኅተም የሚመጣበት ጊዜ። ከተማው ውስጥ ሁለት ፓርቲዎች ነበሩ። ስማቸው ረጅም ነው፤ ሙሉውን ብጽፈው እናንተም ትደክማላችሁ፣ እኔም አንዱን አስቀድሜ በመጻፌ «ለምን እነሱን አስቀደምክ?» የሚል ጥያቄ ይመጣብኛል። ስለዚህ ሰዉ በሚጠራቸው ስም ልጥራቸው። ከድልድዩ አጠገብ ካለው ትልቅ የማንጎ ዛፍ ሥር የሚሰበሰቡት «ማንጎዎቹ» ይባላሉ። ገበያው ዳር ካለው የኒም ዛፍ ሥር የሚሰበሰቡት ደግሞ «ኒሞቹ» ናቸው። (ማንጎን ያስቀደምኩት በፊደል ተራ «መ» ከ«ነ» ስለሚቀድም ብቻ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም። ዛሬም ቢሆን የለኝም።)

እኔ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ብዙ ዓመት በከተማው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ካስተማርኩ በኋላ ወደ መምህራን ማሠልጠኛው ተዛውሬ ነበር። ዲግሪ ስላለኝ ሰዉ «ምሁሩ» ይለኛል። ምሁር መባል ደስ ይላል፤ ጉዳቱ እንደ ወባ ቆይቶ ነው የሚነሳው። ክፍል ስገባ ከካርታ ቀጥሎ የምወደው ነገር ስብከት ነበር። «የተማረ ሰው ዳር ቆሞ አያይም! የአገሩ ጉዳይ ያገባዋል! መሐል ገብቶ ሐሳቡን ይናገራል!» እላለሁ፣ ጠረጴዛ እየደበደብኩ። ደወሉ ሲደወል ቤቴ ሄጄ የባሮ ወንዝን ዓሣ በልቼ እተኛለሁ። ከስብከቱ ሌላ የምታወቅበት ደግሞ ጥብቅነቴ ነው። አርፍዶ የገባ የቤት ሥራ፣ መልሱ አንድ ሳይቀር ትክክል ቢሆን እንኳ፣ እኔ ዘንድ የሚያገኘው ግማሽ ማርክ ነው። ወንዙ ሞልቶ ነው፣ ወባ ይዞኝ ነው፣ ጀልባ ጠፍቶ ነው ቢሉኝ ጆሮ አልሰጥም። ተማሪዎቼ «ቲቸር ግማሽ» የሚል ስም አወጡልኝ፤ እየቆየ የከተማው ሰውም ትክክለኛ ስሜን ረሳው።

ለውጥ መጣና የትናንት ተማሪዎቼ አለቆቼ ሆኑ። የማንጎዎቹ ሊቀመንበር ኦጁሉና የኒሞቹ ሊቀመንበር ቾል ሁለቱም ከእኔ ክፍል የወጡ፣ ያውም በአንድ ዴስክ ይቀመጡ የነበሩ ልጆች ናቸው። ኦጁሉ ከአቦቦ፣ ቾል ከማታር ለትምህርት ሲመጡ ሁለቱም ከተማው ውስጥ ዘመድ ስላልነበራቸው አንዲት የሣር ጎጆ ተከራይተው አብረው ነበር የኖሩት። ሊቀመንበር ከሆኑ ወዲህ ግን በአንድ መንገድ አይሄዱም። አንዱ በላይኛው መንገድ ካለፈ ሌላው በታችኛው ነው የሚያልፈው።

የጣጣው ሥር የሴት ተማሪዎች ማደሪያ ነው። አንድ የውጭ ረጂ ድርጅት ከገጠር እየመጡ ለሚማሩ ሴቶች ማደሪያ ልሥራ አለ። ቆርቆሮው፣ ተደራራቢ አልጋው፣ አጎበሩ ሁሉ አዲስ አበባ መጋዘን ውስጥ ተቀምጧል። ድርጅቱ የጠየቀው አንድ ወረቀት ብቻ ነበር፤ ማደሪያው የት እንደሚሠራና እነማን እንደሚገቡበት ሁለቱ ፓርቲዎች ተስማምተው የፈረሙበት። ወረቀቱ በሰኔ የመጨረሻው ቅዳሜ በሚነሳው አውሮፕላን ካልሄደ ዕቃው ለሌላ ክልል ይሰጣል። በሰኔ መንገዳችን ጭቃ ነው፤ አውሮፕላኑ ካመለጠ ወረቀት የሚሄድበት ሌላ እግር የለውም።

ኦጁሉና ቾል በተለያየ መንገድ መጥተው፣ በተመሳሳይ ሰዓት የቢሮዬ በር ላይ ተገናኙ። ሁለቱም እኔን ሰብሳቢ ሊያደርጉ ነበር የመጡት።

«ቲቸር፣ ሰብሳቢ አንተ ነህ» አለ ኦጁሉ። (እኛ ዘንድ መምህርም ሽማግሌም «አንተ» ነው፤ ንቀት የለበትም።)

«እኔ? እኔ ምን አገባኝ?»

«ያገባሃል!» አለ ቾል። ጠረጴዛዬን ልክ እንደ እኔ አድርጎ ደበደበው። «የተማረ ሰው ዳር ቆሞ አያይም። መሐል ገብቶ ሐሳቡን ይናገራል። ማነው ያለው?»

ያልኩት እኔ ነኝ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ አሥር ዓመት ሙሉ አፋፍ ላይ ስወጣ ኖሬ አሁን የምወርድበት ጠፋኝ።

እምቢ ማለት እችል ነበር። ያላልኩት በኛቦል ምክንያት ነው። ኛቦል ከማታር መጥታ ዘጠነኛ ክፍል የምትማር ልጅ ናት። የምትተኛው የቤት አከራዬ የሐጂ ሰይድ ሱቅ ጓዳ ውስጥ፣ በጨው ጆንያዎች መሐል ነበር። ሐጂ ሰይድ የወሎ ሰው ናቸው። በሰፈራው ጊዜ አቦቦ መጥተው ሲያርሱ ቆይተው፣ በኋላ ከተማ ገብተው ሱቅ ከፈቱ። «የሰው ልጅ ሜዳ ላይ ሲያድር አላይም» ብለው ነው ጓዳውን የለቀቁላት። በግንቦት መጨረሻ የልጅቱ አባት በጀልባ መጡ። ረጅም፣ ዝምተኛ ሰው ናቸው። አማርኛ ስለማይችሉ ያሉትን የምታስተረጉመው ኛቦል ራሷ ነበረች።

«ልጄ በጨው መሐል ትተኛለች ይላል» አለችኝ። «መስከረም ላይ ለሴቶች ቤት ካለ ትማራለች ይላል። ቤት ከሌለ እወስዳታለሁ፣ የጥሎሽ ከብት ይዞ የሚጠብቅ ሰው አለ ይላል።» የመጨረሻዋንም ሳትዘል፣ መሬት መሬት እያየች፣ ቃል በቃል ተረጎመችው።

«አይዞሽ፣ ቤት ይኖራል። እኔ አለሁ በያቸው» አልኳት። ይህንንም ተረጎመችላቸው። አባትየው ጨበጡኝና ሄዱ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የሚባል ነገር ከቤቴ ወጣ። «እኔ አለሁ» ማለት ቀላል ነው፤ መኖሩ ነው ከባዱ።

ደግሞ ሌላ ጭንቅ አለ። ኛቦል የማታር ልጅ ናት። ስብሰባ ላይ ስሟን ባነሳ ማንጎዎቹ «ይኸው፣ ኒም ነው!» ይሉኛል። ስለዚህ ዝም አልኩ። ዝም አይነቅዝም ብያለሁ በሆዴ።

ስብሰባው ሦስት ሳምንት ፈጀ። ማንጎዎቹ ማደሪያው አቦቦ ይሠራ አሉ፤ አልዌሮ ግድብ ቅርብ ነው፣ አየሩም ጥሩ ነው። ኒሞቹ ማታር ይሠራ አሉ፤ ወንዝ ዳር ነው፣ ጀልባም ይደርሳል። ሁለቱም ቦታ ግሩም ነው፤ ጉድለቱ በዚያን ጊዜ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያለው ጋምቤላ ከተማ ብቻ መሆኑ ነው። ልጆቹ አቦቦ ወይም ማታር ተኝተው ጋምቤላን በህልማቸው ሊማሩ ነው? ይህንን የማያውቅ ሰው ስብሰባው ላይ አልነበረም። ግን አንዱ ወገን ማደሪያው ከተማ ይሁን ካለ ሌላው «ቤቱን በራሱ ወገን ልጆች ሊሞላው ነው» ብሎ ይፈራል። መልሱ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ «ማደሪያው ከተማ፣ ትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ይሠራ» የሚል። እያንዳንዱ ስብሰባ ላይ ይህንን ልናገር አፌን እከፍታለሁ፤ የሚወጣው ግን «የሁለታችሁም ሐሳብ ጠንካራ ጎን አለው» የሚል ነው። ይህችን ዓረፍተ ነገር ከመደጋገሜ የተነሳ አንድ ቀን የሐጂ ሰይድ ሁለት ፍየሎች ሲዋጉ ሳይ ለእነሱም ብያቸዋለሁ።

ጥላው የመጣው በዚህ መሐል ነው። አንድ ቀን ማንጎው ሥር ተሰብስበን ሳለ የበሰለ ማንጎ እግሬ ሥር ወደቀ። በላሁት። ሰው ነኝ። በማግስቱ ኒሞቹ «ሰብሳቢው የማንጎ ፍሬ በላ» ብለው ቃለ ጉባኤ ላይ ይመዝገብልን አሉ። ማመጣጠን አለብኝ ብዬ በሚቀጥለው ቀን ኒሙ ሥር ለአምስት ደቂቃ ቆሜ ላቤን ጠረግኩ። ማንጎዎቹ ደግሞ «አምስት ደቂቃ ሙሉ ኒም ሥር ምን ሲያደርግ ነበር?» አሉ። ጥርሴን በኒም እንጨት መፋቅ ተውኩ። ማንጎም ተውኩ። በዚያ ፀሐይ፣ ወፉ እንኳ ክንፉን ዘርግቶ በሚያለከልክበት ሰዓት፣ በመንገዱ መሐል ለመሐል እየሄድኩ አናቴ ተላጠ። ፓርቲ የሌለው ዛፍ የቀረው አንድ ብቻ ነበር፤ የሐጂ ሰይድ ፓፓያ። ፓፓያ ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ ጥላው ለራሱም አይበቃው። ከጥላው ጋር ወንበሬን እየጎተትኩ ከጠዋት እስከ ማታ ግቢውን እዞራለሁ።

አውሮፕላኑ ሊነሳ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ረቡዕ ዕለት፣ ሁለቱም ፓርቲ አቋሙን በጽሑፍ ሰጠኝ። ሐሳቤ ሁለቱን አንብቤ የሚያስታርቅ ረቂቅ ማዘጋጀት ነበር። ግን ሳምንቱ የማጠቃለያ ፈተና ሳምንት ነው፤ የሠልጣኞቼ የፈተና ወረቀት ጉልበቴ ድረስ ተከምሯል። ወባዬም ተነስቷል። ክሎሮኪኔን ውጬ፣ ጆሮዬ ጭው እያለ፣ ከፓፓያው ጥላ ጋር እየዞርኩ ሳርም ዋልኩ። ወረቀት አነሳለሁ፣ አነባለሁ፣ በቀይ አሠምራለሁ፣ ማርክ እሰጣለሁ፣ አስቀምጣለሁ። ሌላ አነሳለሁ። ማታ ላይ የፓርቲዎቹን ጽሑፎች ከክምሩ መሐል አገኘኋቸውና በየፖስታቸው ከትቼ፣ «ሐሙስ ጠዋት ተመልክታችሁት እንወያይ» የሚል ማስታወሻ አክዬ ላክሁላቸው። ረቂቁን ነገ እጽፋለሁ አልኩ። እስከዚህ ድረስ ራሴን አልጠረጠርኩም።

ሐሙስ ዕለት ጠዋት ሐጂ ሰይድ እየሮጡ መጡ። ሐጂ ሲሮጡ አይቼ አላውቅም።

«መምህር፣ ምን አደረጉ?»

«ምን አደረግኩ?»

«ማንጎዎቹን ስድስት ሰጧቸው አሉ። ኒሞቹን ስድስት ተኩል!»

«ስድስት ምን?»

«እኔ ምን አውቄ! ከአሥር ነው አሉ። ገበያው ሌላ ወሬ የለውም እኮ።»

የፓርቲን አቋም አርሜአለሁ! በቀይ እስክሪብቶ! ቀስ እያለ ትዝ አለኝ። በማንጎዎቹ ጽሑፍ ኅዳግ ላይ «ሐሳቡ አልተብራራም፤ ምሳሌ ስጥ» ብያለሁ። በኒሞቹ ላይ «ከጥያቄው ወጥተሃል» ብያለሁ። ከመጨረሻ ሁለቱም ላይ «ጥሩ ሙከራ ነው፤ በርታ» ብዬ ፈርሜአለሁ።

«ግማሿ ነጥብ የምን ነበረች?» አሉኝ ሐጂ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ እንደ ሐኪም።

አሰብኩ፣ አሰብኩ። «የእጅ ጽሑፍ» አልኩ። «የኒሞቹ ጽሑፍ ይነበባል።»

«ያ አላህ!» አሉና ራሳቸውን ያዙ።

የሐሙሱ ስብሰባ ቀረ። ማንጎዎቹ ዛፋቸው ሥር አስቸኳይ ጉባኤ ተቀምጠው ጸሐፊያቸውን በእጅ ጽሑፉ ምክንያት ከሥልጣን አወረዱ። ኒሞቹም አልተደሰቱም። «ስድስት ተኩል ብቻ? የጎደለን ሦስት ተኩል የት ሄደ?» አሉ። አንዳንዱ ግማሿን ነጥብ እንደ ጉቦ አየ፣ አንዳንዱ እንደ ምጽዋት። ከሰዓት በኋላ ማንጎዎቹ አቋማቸውን በጽሕፈት መኪና አስተይበው ለድጋሚ እርማት ላኩልኝ። በፖስታው ጀርባ «ስድስት ተኩል ወይም ከዚያ በላይ እንጠብቃለን» ተብሏል። ሳልከፍተው ፍራሼ ሥር ከተትኩት፤ ፍራሼ ላይም መተኛት ፈራሁ። ማታ ኛቦል በበሬ ስታልፍ «ቲቸር፣ ቅዳሜ ይሄዳል አይደል ወረቀቱ?» አለችኝ። «ይሄዳል» አልኩ። ውሸቴን ነበር። ውሸት ስናገር ጆሮዬ እንደሚቀላ ያኔ ነው ያወቅሁት፤ ወይም ፀሐዩ ይሆናል።

ዓርብ ጠዋት ሁለቱም ግቢዬ ገቡ። ኦጁሉ ከአምስት ሰው ጋር፣ ቾል ከአምስት ሰው ጋር። ከእያንዳንዳቸው ኋላ ክላሽ የያዘ አንድ ጠባቂም አለ። በሐጂ ግቢ ውስጥ የምንቀመጥበት ያቺው የፓፓያ ጥላና ከሱቁ በረንዳ የመጣ አንድ አግዳሚ ወንበር ብቻ ነበር። የሁሉም ደረት ኪስ ላይ ቀይ እስክሪብቶ ተሰክቷል። ሐጂ በሹክሹክታ «ትናንት ከሱቄ ቀይ እስክሪብቶ አለቀ» አሉኝ።

«ቲቸር» አለ ኦጁሉ። «ሕግህን እናውቃለን። ማርክ ላይ ቅሬታ ያለው ከነወረቀቱ ይምጣ ትላለህ። መጣን።»

«እኛም ቅሬታ አለን» አለ ቾል።

«እናንተማ ግማሽ ትበልጣላችሁ፤ ምን ቅሬታ አላችሁ?»

«የምሬን ነው የማወራህ ኦጁሉ! የእናንተ እንዴት ስድስት ይገባዋል? አራት ነው የሚገባው!»

ጠባቂዎቹ ክላሻቸውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወሩ። ምናልባት ከብዷቸው ይሆናል፤ እኔ ግን ኑዛዜ ማሰብ ጀመርኩ። በዚህ ጊዜ መምህርን የሚያድነው ብልሃት አይደለም፣ ልማድ ነው። ክፍል ሲረብሽ አፌ ብቻውን የሚላት ነገር አለች። አልኳት፤

«ፀጥታ! ወረቀት ተለዋወጡ!»

ሁለቱም ቀጥ አሉ። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ የሰሟት ቃል ናት፤ ሊቀመንበር ቢሆኑም እጃቸው ታዘዘ። ኦጁሉ የቾልን ወሰደ፣ ቾል የኦጁሉን። ያለው አግዳሚ ወንበር አንድ ስለሆነ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ቀይ እስክሪብቶ ተከፈተ። ጓደኞቻቸው ዙሪያውን ቆመው አንገታቸውን አሰገጉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ነው አንዳቸው የሌላውን አቋም እስከ መጨረሻው ያነበቡት፤ ስህተት ለመፈለግ ሲባል ሰው ምን ያህል በጥንቃቄ እንደሚያነብ እኔ አውቃለሁ።

«ውሸት!» ይላል ኦጁሉ፣ ያሠምራል። «ማታር በክረምት ውሃ ይተኛበታል። የት ነው የምትሠራው?»

«አቦቦ ሁለተኛ ደረጃ የለም!» ይላል ቾል፣ ያሠምራል። «ዜሮ!»

«ማታርስ አለ?»

የቾል እስክሪብቶ አንድ ቦታ ቆመ። «ቲቸር፣ ይህ ኮፒ ነው» አለ። «ከእኛ ገልብጠዋል። ‹የተማሪ መንገድ ከትምህርቱ መርዘም የለበትም።› የእኛ ሦስተኛ ገጽ ላይ አለ።»

«እናንተ ናችሁ የገለበጣችሁት!» አለ ኦጁሉ፣ የቾልን ሦስተኛ ገጽ ገልጦ። እውነትም ቃል በቃል አለ። ሁለቱም ለአፍታ ወረቀቱን አዩ፤ ከዚያ ቀስ ብለው ሁለቱም እኔን አዩኝ። ዓረፍተ ነገሯ የእኔ ናት። ስለ ሰፈራና አገልግሎት መስጫ ቦታ ሳስተምር ሰሌዳ ላይ ጽፌ ያስገለበጥኳት ናት። ሁለቱ የማይስማሙ ፓርቲዎች የተስማሙባት ብቸኛ መሥመር ከደብተራቸው የተቀዳችው የእኔ ኖት ሆና ተገኘች።

«ቲቸር» አለ ኦጁሉ። አሁን የሊቀመንበር ድምፁን ትቶታል። «ሦስት ሳምንት ሰበሰብከን። ስድስት አልከኝ። ስድስት ተኩል አልከው። አንተ ራስህ ምን ትላለህ? አንድ ቀን አልነገርከንም።»

«የሁለታችሁም ሐሳብ ጠንካራ...»

«ተው እሱን» አለ ቾል።

ጓዳው በር ላይ ኛቦል ቆማለች፤ ደብተሯን ደረቷ ላይ ይዛ። ፈራሁ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ከክላሹ ይልቅ ያቺን ዓረፍተ ነገር መናገር ፈራሁ። ከዚያ ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ምናልባት ትኩሳቱ ይሆናል፣ ተናገርኩት። ማደሪያው ከተማ ውስጥ፣ ትምህርት ቤቱ አጥር ሥር መሠራት አለበት አልኩ። ሌላ ቦታ ከተሠራ ማንም አይማርበትም አልኩ። ይህን ከመጀመሪያው ቀን አውቀዋለሁ፣ ወገን ያዘ እንዳትሉኝ ፈርቼ ነው ዝም ያልኩት አልኩ። ስለ ኛቦልም ነገርኳቸው፤ ስለ ጨው ጆንያው፣ ስለ አባቷ፣ የራሷን ነገር በራሷ አፍ እንዴት እንደተረጎመች። «የማታር ልጅ ናት፤ ከፈለጋችሁ ኒም በሉኝ» አልኩ።

ማንም ኒም አላለኝም። ኦጁሉ ኛቦልን አየና ወደ እኔ ዞረ። «ይህንን የዛሬ ሦስት ሳምንት ብትነግረን ምን ነበረበት? ሁሉም የራሱን ቦታ የሚጠራው አንተም የምትለው ስለሌለህ መስሎን ነው።»

ንጹሕ ወረቀት አምጥቼ በመሐላቸው አስቀመጥኩ።

ቦታው በአሥር ደቂቃ አለቀ። ግን ደግሞ የአልጋው ነገር ተነሳ፤ ከአቦቦ በኩል ስንት፣ ከማታር በኩል ስንት? አንዱ ሲጨምር ሌላው ይጨምራል። ውሃ ወቀጣ ሆነ። እጄን አገጬ ላይ አድርጌ ተስፋ ቆርጬ ሳለሁ ቾል በድንገት ሳቀ።

«ኦጁሉ፣ አጎበራችንን ታስታውሳለህ?»

«ያቺን ቀዳዳ?»

«ሁለት ሰው፣ አንድ አጎበር» አለ ቾል ለእኔ። «በግድግዳው በኩል የሚተኛ ይሞቀዋል፤ በበሩ በኩል የሚተኛን ቢምቢ ይበላዋል። በየሳምንቱ እንቀያየር ነበር። ይህ ሰውዬ ግን የእሱን ሳምንት ሁልጊዜ ያረዝማል።»

«አንተ ነህ የምታረዝመው!»

እንዲህ እየተነታረኩ ጻፉት፤ በየተደራራቢው አልጋ አንዷ ከአቦቦ በኩል፣ አንዷ ከማታር በኩል፣ ሌላው ወረዳም በዚሁ ሥርዓት ይገባል፤ ላይና ታች በየወሰነ ትምህርቱ ይቀያየራሉ። ከወንበሩ ሳይነሱ ፈረሙ። ቀጥለው ደግሞ በሙሉ ድምፅ አንድ ውሳኔ አስተላለፉ፤ ከእንግዲህ ሰብሳቢው ቀይ እስክሪብቶ ይዞ ስብሰባ እንዳይገባ። ወረቀቱን ቾል አጠፈው፣ ኦጁሉ ፖስታ ውስጥ ከቶ ሰጠኝ። ሁለቱም ይስቁ ነበር። በደስታ መስሎኝ ነበር።

ቅዳሜ ሌሊቱን የዘነበው ዝናብ መንገዱን ጭቃ አድርጎታል። የሐጂ አሮጌ ፒካፕ ሦስት ጊዜ ተቀረቀረች። ሐጂ ይነዳሉ፣ እኔ እገፋለሁ፤ የተማረ ሰው መሐል ገብቶ ሲባል ጭቃው መሐል መሆኑን ያን ቀን ነው የተማርኩት። የአውሮፕላኑ ድምፅ ሲሰማ ገና መንገድ ላይ ነን። እግዜር ይስጣቸው፣ ከብቶች ማረፊያው ሜዳ ላይ ተኝተው ኖሮ እስኪባረሩ ድረስ አውሮፕላኑ ሁለት ጊዜ ሰማይ ላይ ዞረ። በጭቃ እስከ ወገቤ ተለውሼ ደረስኩና ፖስታውን ለአብራሪዎቹ ዘረጋሁ። ረዳት አብራሪው «ምንድን ነው ውስጡ? ክፈተውና ልየው» አለኝ። ከፈትኩት። ከሁለቱ ፊርማ በታች፣ በቀይ እስክሪብቶ፣ እንዲህ የሚል ነበር፤

«ሰብሳቢው፦ መልሱ ትክክል ነው። አርፍዶ ስለገባ በራሱ ሕግ መሠረት ግማሽ። 5/10። በርታ።»

ከሥሩ ኦጁሉም ቾልም እንደገና ፈርመውበታል። ሌላ ወረቀት አዘጋጅቶ ለማስፈረም ጊዜ የለም፤ ሞተሩ እየጮኸ ነው። ረዳት አብራሪው አንብቦ እኔንና ጭቃዬን አየ። ፖስታውን ተቀብሎኝ ወደ አውሮፕላኑ ወጣ። ማርኬ አዲስ አበባ ሄደ።

ኛቦል መስከረምን አለፈች። የስምምነቱን ግልባጭ ይዞ ማታር ወርዶ ለአባቷ ያነበበላቸው ቾል ነው። ኦጁሉም «አሳጥሮ እንዳያነብ ልጠብቀው» ብሎ በዚያው ጀልባ አብሮ ሄደ። አባትየው ቤቱ እስኪቆም ድረስ ሊጠብቁ ተስማሙ። ማደሪያው ታኅሣሥ ላይ ቆመ። ኛቦል የመጀመሪያው ወሰነ ትምህርት ላይ የደረሳት የላይኛው አልጋ ነበር፤ አጎበሯን ራሷ ስትሰቅል አይቻለሁ።

ከረጂ ድርጅቱም ደብዳቤ ደርሶኝ ነበር። ስምምነቱን ተቀብለናል፣ እናመሰግናለን፣ ነገር ግን ከግርጌ በቀይ የተጻፈው ቁጥር ትርጉም ስላልገባን በጽሑፍ ማብራሪያ ይላክልን ይላል። ነገ ዛሬ እያልኩ፣ እያፈርኩ፣ ዓመታት አለፉ።

ማብራሪያው ይኸው። አርፍዷልና ከግማሽ በላይ እንዳትሰጡኝ።